የግብ ጠባቂም ሥራ ይቆጠር

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

ከጥቂት ጊዜ በፊት እንደ ልማዴ አራት ኪሎ ከጋዜጣ አዟሪ ተከራይቼ ባነበብኩት እትማችሁ፣ በስፖርት ገጹ ግርጌ ከውጭ በተሰበሰቡት አጫጭር ዜናዎች መካከል፣ ማርክ አንድሬ ፍለሪ የተባለው ካናዳዊ የበረዶ ሆኪ ግብ ጠባቂ ከ21 የውድድር ዘመናት በኋላ ጨዋታ ማቆሙን የሚገልጽ ባለ አምስት መስመር ጽሑፍ አገኘሁ። አጠገቤ ተቀምጠው ያነቡ የነበሩት ሰዎች ያችን ዜና ዘለው ወደ አውሮፓ እግር ኳስ ውጤት ሲያልፉ አይቻለሁ፤ አልፈርድባቸውም። በእኛ አገር በረዶ ማለት በክረምት ቆርቆሮ የሚደበድበው ነው እንጂ ሰው ተንሸራቶ የሚጫወትበት ሜዳ አይደለም። እኔ ግን ያነበብኩትን ጋዜጣ ለአዟሪው መመለስ አልሆነልኝምና ሙሉ ዋጋውን ከፍዬ ወሰድኩት፤ ዜናውንም ቆርጬ ደብተሬ ውስጥ አኖርኩት። በወጣትነቴ ለ11 ዓመታት በረኛ ነበርኩ፤ ዛሬም እሁድ ጠዋት በጃንሜዳ አቅራቢያ ታዳጊ ግብ ጠባቂዎችን ያለ ክፍያ አሠለጥናለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የዚያን ሰው የሥራ ዘመን ለአንባቢ በጥቂቱ ለማስረዳትና ከዚያም ተነሥቼ ዝግጅት ክፍሉን አንድ ነገር ለመለመን ነው።

ስለ ጨዋታው የማውቀውን ያወቅሁት ታናሽ እህቴ ኑሮዋን በሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ከተማ ስላደረገች ነው። ፍለሪ የመጨረሻዎቹን ዓመታት የተጫወተው እዚያው ከተማ በሚገኘው ሚኒሶታ ዋይልድ ክለብ ሲሆን፣ የእህቴ ልጅም በሠፈሩ የልጆች ቡድን ውስጥ ግብ ጠባቂ ነው። እሱ በቴሌግራም እየላከ፣ «ጋሼ፣ ይኼን እየው» እያለ ያሳየኝን ጨዋታ እስካሁን አልጠገብኩትም።

የበረዶ ሆኪ ግብ ወርዱ 1.83 ሜትር፣ ቁመቱ 1.22 ሜትር ነው። የእግር ኳሱ ግብ ወርዱ 7.32፣ ቁመቱ 2.44 ሜትር ስለሆነ በወርድ አራት እጥፍ፣ በቁመት ሁለት እጥፍ ይበልጠዋል። ጠባብ ግብ መጠበቅ ቀላል ነው የሚል ካለ ግን ወደ ግቡ የሚመጣውን ነገር ልብ ይበል። ፐክ ይሉታል፤ 170 ግራም ያህል የሚመዝን፣ እንዳይነጥር ሲባል ከጨዋታው በፊት በማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቆይ፣ ከጠንካራ ጎማ የተሠራ ጠፍጣፋ ክብ ነገር ነው። ተጫዋቾቹ የእኛን የገና ዱላ በሚያስታውስ፣ ጫፉ በታጠፈ ዱላ ሲመቱት ፍጥነቱ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል። በዚያ ላይ አጥቂዎቹ ሆን ብለው ግብ ጠባቂው ፊት ቆመው ዓይኑን ስለሚጋርዱት፣ ብዙውን ጊዜ የሚያድነው ያየውን ሳይሆን የገመተውን ነው። በአንድ የ60 ደቂቃ ጨዋታ 30 ያህል ምት ይመጣበታል፤ የሰሜን አሜሪካው ሊግ አንድ ክለብ ደግሞ በመደበኛው ውድድር ብቻ በዓመት ከ80 ጊዜ በላይ ይጫወታል።

ይህን ሁሉ በባዶ ፊት ይሠሩ የነበሩበት ዘመን ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1959 በኒው ዮርክ በተደረገ ጨዋታ የሞንትሪያሉ ግብ ጠባቂ ዣክ ፕላንት ፊቱን በፐክ ተመትቶ ከተሰፋ በኋላ፣ በልምምድ ላይ ይጠቀምበት የነበረውን ጭምብል ካላጠለቅሁ አልመለስም አለ። አሠልጣኙ ጭምብሉን አይወድም ነበር፤ ይሁን እንጂ የሚተካው ሌላ ግብ ጠባቂ በዕለቱ ስላልነበረ ፈቀደለት። ቡድኑም አሸነፈ፤ በዚያው የውድድር ዘመንም የስታንሊ ዋንጫ የሚባለውን የሊጉን ዋንጫ ወሰደ። በዚያው ዘመን ግሌን ሆል የተባለው ግብ ጠባቂ ያለ ጭምብል፣ እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1962፣ ሳይቀየር በተከታታይ 502 ጨዋታ ተጫውቷል። ይህን ቁጥር ሳነብ ያስደነቀኝ ጽናቱ ብቻ አልነበረም፤ 502 ጊዜ ሁሉ አንድ ሰው ተቀምጦ መመዝገቡም አስደንቆኛል። የምመጣበት ጉዳይም ይኸው ነው።

ፍለሪ የተወለደው በኩቤክ ክፍለ ሀገር፣ ሶሬል በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። በ2003 ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት ሥርዓት ፒትስበርግ ከሁሉም አስቀድሞ አንደኛ አድርጎ መረጠው፤ ለግብ ጠባቂ እንዲህ ያለው ዕድል እምብዛም አይገጥምም። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 10 ቀን፣ ገና 18 ዓመቱ ሳለ፣ የመጀመሪያውን የሊግ ጨዋታ ከሎስ አንጀለስ ቡድን ጋር አደረገ፤ ቡድኑም 3 ለ 0 ተሸነፈ። ውጤቱን ብቻ ያነበበ ሰው ልጁ ሦስት ገባበትና ወጣ ይላል። መዝገቡን ያየ ሰው ግን በዚያች ሌሊት 46 ምት እንዳዳነ፣ ከእነዚህም ውስጥ አንዱ ከአጥቂው ጋር ለብቻው የተፋጠጠበት የቅጣት ምት እንደነበረ ያገኛል። እህቴ የላከችልኝን ይህን መረጃ ካነበብኩ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀምጬ ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ ያለፈው፣ በሽንፈት የተጠናቀቀ የአንድ ወጣት ሥራ ቁጥር ሳይጎድለው ተቀምጧል።

ከሦስት ወር በኋላ በሄልሲንኪ በተደረገው የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና ፍጻሜ፣ ካናዳ ከአሜሪካ ጋር 3 ለ 3 እያለች፣ ፍለሪ ከግቡ ወጥቶ ሊያርቀው የመታው ፐክ የራሱን ተከላካይ ነክቶ ወደ ኋላ ተመለሰና ባዶው መረብ ውስጥ ገባ። ዋንጫው በዚያ ሄደ። በረኛ የነበረ ሰው ይህን ሲሰማ ሆዱ ይላወሳል፤ አጥቂ ሲስት ሌላ ኳስ ይጠብቃል፣ በረኛ ሲስት ግን ስሕተቱ በሰሌዳው ላይ ተጽፎ ይቀራል። ሆኖም ይኸው ልጅ በ2009፣ በስታንሊ ዋንጫ ፍጻሜ ሰባተኛና የመጨረሻ ጨዋታ፣ በዲትሮይት ሜዳ ቡድኑ 2 ለ 1 እየመራ ሰዓቱ ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩ፣ ኒክላስ ሊድስትሮም በቅርብ ርቀት የመታውን ምት በደረቱ ተወርውሮ መለሰው። ፒትስበርግም ዋንጫውን በላ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪኩ ወጥ አይደለም፤ እኔም የበለጠ የማከብረው በዚህ ምክንያት ነው። በ2013 በጥሎ ማለፉ መካከል ቦታውን አጣ፤ ከዚያም ከስፖርት ሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር መሥራት ጀመረ። በ2016 የጭንቅላት ጉዳት ደርሶበት ሳለ ማት መሪ የተባለ ወጣት ተተክቶ ቡድኑን ለዋንጫ አበቃ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ማት መሪ በጥሎ ማለፉ መክፈቻ ዕለት ሲያሟሙቅ በመጎዳቱ ፍለሪ ገብቶ ሁለት ዙር አሳለፈ፤ ሦስተኛው ዙር ላይ ግን ቦታው ለወጣቱ ተመለሰ። ዋንጫው በተነሣ ዕለት ፍለሪ ተቀብሎ ካነሣው በኋላ በገዛ እጁ ያቀበለው ለዚሁ ለተካው ልጅ ነው። ሁለት ግብ ጠባቂ ለአንድ ቦታ በሚሻማበት ቤት የኖረ ሰው የዚህን ድርጊት ክብደት ያውቀዋል። በዚያው ክረምት ፍለሪ አዲስ ወደተቋቋመው የላስ ቬጋስ ክለብ ሄደና ክለቡ በተመሠረተበት ዓመት ለፍጻሜ እንዲደርስ አደረገ፤ በ2021ም በ36 ዓመቱ ለዓመቱ ምርጥ ግብ ጠባቂ የሚሰጠውን የቬዚና ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ አገኘ። ጨዋታ ሲያቆም በመደበኛው ውድድር 1,051 ጨዋታ ተጫውቶ 575 ድል በስሙ አስመዝግቧል። በሁለቱም ከማርቲን ብሮዶር በስተቀር የሚቀድመው የለም፤ የብሮዶር 1,266 ጨዋታና 691 ድል ነው።

«በስሙ» ማለቴን አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። በዚያ ሊግ ቡድኑ ሲያሸንፍ ድሉ፣ ሲሸነፍም ሽንፈቱ ለግብ ጠባቂው በስሙ ይመዘገባል። እ.ኤ.አ. ከ1955–56 የውድድር ዘመን ወዲህ ደግሞ ስንት ምት እንደመጣበትና ስንቱን እንዳዳነ ይገኛል። የእናንተ የአምስት መስመር ዜና ሊጻፍ የቻለው በየምሽቱ በየሜዳው ተቀምጦ የሚቆጥር ሰው ስለነበረ ነው።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. እዚህ መሐል ከተማ፣ በዛሬው አዲስ አበባ ስታዲየም፣ ብሔራዊ ቡድናችን የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ (የዛሬዋን ግብፅ) በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደ። ከስታዲየሙ ጀርባ ባሉት ሻይ ቤቶች ተቀምጦ ስለዚያ ቀን የሚያወራ ሽማግሌ ዛሬም አይጠፋም፤ የመንግሥቱ ወርቁና የኢታሎ ቫሳሎ ግቦች እንዴት እንደገቡ ይተርክላችኋል። ግቡን የጠበቀው ማን ነበር ብላችሁ ስትጠይቁ ግን ወሬው ይቆማል። ጊላሚካኤል ተክለማርያም ነበር። በ120 ደቂቃ ውስጥ ስንት ኳስ አዳነ? ስንቱን ያዘ፣ ስንቱን በቡጢ አራቀ? እኔ ፈልጌ አላገኘሁም። በታሪካችን ትልቁን ጨዋታ የተጫወተው ግብ ጠባቂ ከእኛ ጋር ያለው በስሙ ብቻ ነው።

ልክ በ51ኛው ዓመት፣ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሶ በደቡብ አፍሪካ ከዛምቢያ ጋር ሲጫወት ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፤ ተቀይሮ በገባው ሲሳይ ባንጫ በረኝነት ጎዶሎው ቡድናችን 1 ለ 1 ወጣ። ከስምንት ቀን በኋላ ደግሞ ከናይጄሪያ ጋር በተደረገው ጨዋታ ማብቂያ ላይ ሲሳይም በካርድ ሲወጣ፣ ቅያሪያችን አልቆ ስለነበር አማካዩ አዲስ ሕንፃ ጓንት አጥልቆ የቪክቶር ሞሰስን ፍጹም ቅጣት ምት ለመጠበቅ ግብ ውስጥ ቆመ። ያቺን ሌሊት ሰው ሁሉ የሚያስታውሳት በቀይ ካርዶቹ ነው። ካርዶቹ ከመታየታቸው በፊት በእነዚያ ሁለት ጨዋታዎች ስንት አደገኛ ኳስ እንደዳነ የሚናገር ግን አይገጥመኝም።

የራሴን ጉዳይ ለማንሣት ብዙ አመንትቻለሁ፤ ነገሩን ስለሚያስረዳ ግን እጽፈዋለሁ። እኔ የተጫወትኩት ዛሬ በሌለ አንድ የፋብሪካ ቡድን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለግብ ጠባቂ አሠልጣኝነት ሥልጠና ሳመለክት የተጫወትኩበትን ዘመን የሚያሳይ ማስረጃ እንዳመጣ ተጠየቅሁ። ወደ ቀድሞው መሥሪያ ቤቴ ሄድኩ፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኞቹ ደክመው ፈለጉልኝ፤ የተገኘው ግን አንድ የዋንጫ ፎቶግራፍና በየዓመቱ ግብ ያገቡ ተጫዋቾች ስም ዝርዝር ብቻ ነበር። ከዚያም ወደ ወመዘክር ገብቼ ለዘጠኝ ቀናት የቆዩ ጋዜጦች ገለበጥኩ። ቡድናችን ያደረጋቸውን ብዙ ጨዋታዎች አገኘሁ፤ ማን በስንተኛው ደቂቃ እንዳገባ፣ ማን እንዳቀበለው፣ አንዳንዴም ሜዳው በዝናብ መጨቅየቱ ሳይቀር ተጽፏል። የእኔ ስም የተጠቀሰው አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም አራት ግብ በገባብኝ ጨዋታ ዘገባ ውስጥ ነው። በዚያ ቀን ከዕረፍት በፊት ያዳንኳቸውን ኳሶች አንድ በአንድ አስታውሳቸዋለሁ። ወረቀት ግን የለኝምና ያንን ሥልጠና ሳልገባ ቀረሁ።

ይህን የማነሣው የጥንቱን ዘጋቢ ለመውቀስ አይደለም፤ እሱ አንባቢ የሚጠይቀውን ጽፏል። ዛሬም በፕሪሚየር ሊጉ በየዓመቱ መጨረሻ ኮከብ ግብ ጠባቂ ሲሸለም ደስ ይለኛል። ነገር ግን ኮከብ ግብ አግቢው በስንት ግብ እንደተሸለመ ሕፃን ሁሉ ሲያውቅ፣ ኮከብ ግብ ጠባቂው በምን ሥራ እንደተመረጠ በጨዋታ ዘገባዎቻችን ውስጥ ፈልጌ አጣለሁ። የማሠለጥናቸው ልጆች ይህን ይታዘባሉ። ባለፈው ዓመት እጁ እጅግ የተባረከ አንድ የ15 ዓመት ልጅ፣ «ጋሼ፣ እኔ አጥቂ ልሁን፤ በረኛ ሲያድን ማን ይጽፍለታል?» ብሎ ጓንቱን መለሰልኝ። የምመልስለት ስላልነበረኝ ተቀበልኩት።

ቁጥር ሁሉንም ይናገራል አልልም፤ ሆኪዎቹም አይሉም። ግራንት ፉር የተባለውን የኤድመንተን ግብ ጠባቂ እንመልከት። ጥቁር ካናዳዊ ነው፤ ከክለቡ ጋር አምስት የስታንሊ ዋንጫ አግኝቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2003ም ወደ ሆኪው የክብር አዳራሽ በመግባት የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆኗል። ሆኖም የሥራ ዘመኑን ሁሉ ካየነው በአማካይ ከየ1,000 ምቱ ያዳነው 887 ያህሉን ሲሆን፣ ፍለሪ በአንጻሩ 912 ያህል አድኗል። ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ሰው ፉር ደካማ ነበር ሊል ይችላል። ነገር ግን የፉር ዘመን ግብ የሚጎርፍበት ዘመን ነበር፤ ጓደኞቹ ሁሉ ለማጥቃት ሲወጡ እሱ ብቻውን ከአጥቂ ጋር ይጋፈጥ ነበር። በተቃራኒው ብሮዶር ከፊቱ ጠንካራ ተከላካዮች ስለነበሩት ብዙው ምት ከሩቅ ይመጣለት ነበር የሚሉ አሉ። እንዲህ ያለ ክርክር ሊነሣ የሚችለው ግን መጀመሪያ የተቆጠረ ነገር ሲኖር ነው። እኛ ስለ ጊላሚካኤልና ስለ ተከታዮቹ ለመከራከር እንኳ መነሻ የለንም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ጋዜጣችሁ በሚያወጣው እያንዳንዱ የሊግ ጨዋታ ዘገባ መጨረሻ ላይ ለሁለቱ ግብ ጠባቂዎች አንዲት መስመር ይመደብላቸው። ስማቸው፣ ወደ ግብ የመጣባቸው ኳስ ብዛት፣ ያዳኑት፣ የገባባቸው፣ ከገባባቸውም ውስጥ በፍጹም ቅጣት ምት የሆነው ቢጻፍ በቂ ነው። ከአንድ ስንኝ የማይበልጥ ቦታ ነው የሚወስደው። አቆጣጠሩም የሚከብድ አይደለም፤ ግብ ጠባቂው ባይነካው ኖሮ መረብ ውስጥ ይገባ የነበረ ኳስ ይቆጠራል፤ ቋሚውን ወይም አግዳሚውን መትቶ የተመለሰ አይቆጠርም፤ በሆኪውም ሕጉ ይኸው ነው። ከማዕዘን የተሻማ ኳስን ወጥቶ መያዝ ትልቅ ሥራ ቢሆንም ከማዳን ጋር መደባለቅ የለበትም፤ ከተቻለ ለብቻው ይጻፍ፤ ካልተቻለም ይቅር። አጠራጣሪ ኳስ ሲያጋጥም ሁለት ቆጣሪዎች ለየብቻ መዝግበው ቢያስተያዩ ስሕተቱ ይቀንሳል። በዓመቱ መጨረሻ እነዚህ መስመሮች ተደምረው ከግብ አግቢዎቹ ሰንጠረዥ አጠገብ አንድ የግብ ጠባቂዎች ሰንጠረዥ ይወጣል።

ዘጋቢዎቻችሁ ሥራ እንደሚበዛባቸው አውቃለሁ፤ ስለዚህም ባዶ እጄን አልመጣሁም። ከማሠለጥናቸው ልጆች መካከል ስድስቱ፣ ጓንቱን የመለሰው ልጅ ጭምር፣ በአዲስ አበባ በሚደረጉ ጨዋታዎች ሁለት ሁለት ሆነው ተቀምጠው ለመቁጠር ተስማምተዋል። የመመዝገቢያውን ቅጽ አዘጋጅቼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ፤ የሚስተካከል ካለ የስፖርት ክፍሉ ያስተካክለው። ከልጆቹ የሚጠበቀው በጨዋታው ማግስት ጠዋት የሞላውን ቅጽ ዝግጅት ክፍላችሁ ድረስ ማድረስ ሲሆን፣ ከእናንተ የምንለምነው ደግሞ ያችን አንዲት መስመር ነው።

ከአክብሮታዊ ሰላምታ ጋር፣

አንድ የቀድሞ ግብ ጠባቂ
ከአራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ